ከጀርባ የተነበበ የቃል ጽሕፈት

ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ የጎረቤቴ ቁጣ በግድግዳው በኩል ተሰማኝ። «ስንቴ ልንገርህ? ቁጠር ስልህ ቁጠር እንጂ!» ይላል ልጁን። ልጁ አይመልስም። የአባት ቁጣ ብዙም አያስደነግጠኝም፤ የማይመልስ ልጅ ዝምታ ግን ዛሬም ሥራዬን ያስተወኛል። ቢላዋውን አስቀምጬ ሄድኩና በራቸውን አንኳኳሁ።

ያኔ፣ ልጆች ሳለን፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ታናሽ እህቴ ስንዱ አንደኛ። ዘመኑ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። አባታችን ከጎጃም ተመድቦ ሰቆጣ የመጣ የግብርና ሠራተኛ፣ እናታችን የዚያው የዋግ ልጅ ነበረች፤ ስትደነግጥና ስትጸልይ በአገሯ ቋንቋ በኽምጣኛ ነው። በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። ከቆላ የሚነሳው ነፋስ አቧራውን እየነዳ በራችንን ሲደበድብ ይውላል፤ የምንቆረጥመው ቆሎ እንኳ አሸዋ አሸዋ ይል ነበር። ከዚያ የማጅራት ገትር ገባ ተባለ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከቤታችን በላይ ባለው መንገድ ቀብር ባለፈ ቁጥር እናቴ መስኮቱን ትዘጋለች። ሙሾው ግን በቆርቆሮው ሥር ሾልኮ ይገባል።

ስንዱንም ያዛት። ሆስፒታል ሰነበተች፤ ተረፈች። ስትመለስ አንገቷ ቀጥኖ፣ ስትራመድ ግድግዳ እየያዘች ነበር። «አቅሟ እስኪመለስ ነው» አልን ሁላችንም።

አባቴ የሚያወርሰን መሬት አልነበረውም። ያለው ትምህርት ብቻ ነው ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ ልጁ ወደ ኋላ እንዳትቀር ፈራ። ማለዳ ቢሮ ከመግባቱ በፊትና ማታ ከተመለሰ በኋላ ጠረጴዛ ፊት ያስቀምጣታል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጀርባዋ እየተንጎራደደ የቃል ጽሕፈት ያነብላታል። «ቤት» ሲል እሷ «ላም» ትጽፋለች። አንዳንዴም ምንም።

«ኧረ ተው፣ ልጅቱ ገና አልጠናችም» ትላለች እናቴ።

«ካሁኑ ከዘነጋች መቼ ልትደርስ ነው? እልኸኛ ሆና ነው።»

ቤታችን ውስጥ የሚያስፈራ ነገር እየገባ ነበር። በሽታው ከከተማው እየለቀቀ ሳለ ስንዱ ግን መጫወት ተወች፤ የተኛችበትን ታረጥብ ጀመር። እናቴ ስታናግራት አፍ አፏን እያየች ትመልሳለች፤ አባቴ ሲገባ ግን ወለሉ ላይ የሚሄደውን ጥላውን በዓይኗ ትከተላለች። አንድ ቀን አባቴ ቀጭን የወይራ ልምጭ ቆርጦ ይዞ መጣና ከመጽሐፉ አጠገብ አኖረው።

በማግስቱ ማለዳ ልምጩን አነሣው። እኔ የታጠቡ ብርጭቆዎች በትሪ ይዤ ከኋላቸው እያለፍኩ ነበር። ልምጩ ሲነሣ ባይ ትሪው ከእጄ አመለጠና ከነብርጭቆው ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። ደጅ ያሉት ዶሮዎች ሳይቀሩ ተንጫጩ። አባቴ ዘሎ ዞረ።

ስንዱ ቀና አላለችም። ትከሻዋን ሰብስባ መጻፏን ቀጠለች።

«አባዬ» አልኩ፣ «አልሰማችም።»

«ምኑን?»

«ምንም አትሰማም።»

«ስንዱ» አላት ቀስ ብሎ። ጮኾ ደገመው። ከዚያ ከእሱ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ እንደገና ጠራት። እርሳሷ አላቆመም። ልምጩ ከእጁ ወደቀ። ዞሮ ከፊቷ ተንበረከከ፤ ስታየው ደንግጣ ወረቀቱን ገፋችለት።

«ጻፍኩ እኮ አባዬ፣ ጻፍኩ እኮ።»

ሆስፒታል ስንወስዳት ሐኪሙ ጆሮዋን በሽታው እንደወሰደው፣ እንደማይመለስም ነገረን። «አያጣድፏት» አለ ለአባቴ። «ፊት ለፊቷ ሆነው ያናግሯት። ሲደክማት ይተዉት።»

አባቴ ያን ዕለት መንገዱን ሙሉ አቅፏት ሄደ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ አጭር ሆነ። ሽምብራ ጠረጴዛው ላይ በትኖ አብረው ይቆጥራሉ፤ ቆጥረው ሲጨርሱ ይበሉታል። ከደከማት መጽሐፉን ዘግቶ ወደ ገበያ ይወስዳታል፤ ማሩን፣ ፍየሉን፣ የጨው አሞሌውን እያሳየ ስሙን በከንፈሩ ቀስ አድርጎ ይነግራታል። ምንም ሳይማሩ የሚያልፉ ቀናትም ነበሩ። ትምህርት ቤት የተመለሰችው ከእኩዮቿ ዘግይታ ነው፤ ግን ተመለሰች። ዛሬ ሰቆጣ ውስጥ የታወቀች ልብስ ሰፊ ናት።

ያ ትሪ ባይወድቅ ኖሮ እያልኩ የማስብበት ጊዜ አለ፤ ብዙ አልቆይበትም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን ከሞት አትርፎ ሲያበቃ እንደገና የሚያጣት መስሎት የፈራ ሰው ነበር፤ የፈራ አባት ደግሞ ከኋላ ቆሞ የሚጮኸው ልጁን እየወደደ ነው። ጎረቤቴም በሩን ሲከፍትልኝ የነገርኩት ይህንኑ ነው።

አሁን አርጅቷል፤ ዓይኑም ደክሟል። ስንዱ ልትጠይቀው ስትመጣ ግን ማንም ሳይነግረው ወንበሩን ወደ ብርሃኑ ያዞራል። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ፊቱ በደንብ መታየቱን ሳያረጋግጥ «እንዴት አደርሽ» እንኳ አይላትም።