ሸክላዬ የመራችው አጨዳ

ድምፄ ሸክላ ላይ ከመውጣቱ በፊት እኔ አውራጅ ነበርሁ። ለማያውቅ ሰው ልንገር። በኛ በፎገራ ጤፍ ሲደርስ ደቦ ይጠራል። አጫጆች ወገባቸውን አጥፈው በመስመር ይገባሉ። ከመስመሩ ራስ ያለው ስንኝ ያወርዳል፣ የቀሩት ይቀበላሉ። ሥራው መዝፈን ብቻ አይምሰላችሁ። አውራጅ ወደ ኋላው ይሰማል። ከጭራ ያለው ሽማግሌ ትንፋሹ ሲያጥር መቀበሉ ይዘገያል፤ አውራጁ ያን ሰምቶ ቀጣዩን ስንኝ ያዝ ያደርግለታል። ያን ጊዜ መስመሩ እንደ አንድ ሰው ይሄዳል። ከጉርምስናዬ ጀምሮ ቦታዬ እዚያ ነበር፤ ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚያዘነብለው ሜዳ፣ ከመስመሩ ራስ። ሌላ ቦታ አልነበረኝም፣ አልፈለግሁምም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጎንደር ከተማ የዘፈን ውድድር አለ ተባለና ጓደኞቼ ገፋፍተው ላኩኝ። ሌላው ክራር ይዟል፣ ማሲንቆ ይዟል፤ እኔ ጋቢና ዱላ ይዤ ወጣሁ።

«መሣሪያህስ?» አለ አንዱ ዳኛ።

«የለኝም።»

«ታዲያ ማን ያጅብሃል?»

ወደ ሕዝቡ ዞሬ፣ «እናንተ ሆ በል ተሻገር እያላችሁ ተቀበሉኝ» አልሁ። ተቀበሉኝ። አዳራሹ ሙሉ ባለኮት እንደ አጫጅ ወዲያና ወዲህ ሲል ዛሬም ይታየኛል። አንደኛ ወጣህ አሉኝ። ትልቅ የሸክላ ኩባንያ ነው ከተባለ ቤት የመጣ ሰው እጄን ጨብጦ፣ «አዲስ አበባ እንወስድሃለን፣ ሸክላ እናወጣልሃለን» አለ። ሄድሁ። ሰው የሚሄድበት ነገር ሲመጣ ይሄዳል፣ ምን ይጠየቃል።

አዲስ አበባ ያስገቡኝ ክፍል ግድግዳው በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ ነበር። በዚያ ቤት ድምፅ ከአፍ ወጥቶ አይመለስም፤ ጤፍ ውስጥ እንደ ወደቀች ጠጠር ጠፍቶ ይቀራል። ባለጥሩንባዎቹ ከኋላዬ ተደረደሩ። አንድ ስንኝ አወረድሁና ዝም አልሁ።

«ቀጥል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለ የሙዚቃው አለቃ።

«ተቀባዮቹን።»

«እዚህ ተቀባይ የለም።»

«እንግዲያው እኔም የለሁም።»

ቀኑ በዚህ አለቀ። እኔ ግትር ነኝ፤ እናቴም የምትለው ይህንኑ ነበር። በመጨረሻ ተቀባዮቹ በሚቀበሉበት ቦታ ጥሩንባ ይመልስልህ አሉ፤ ጭራሽ ተቀባይ ከማጣት ብዬ እሺ አልሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ዘፈንሁ። ዓይኔን ስጨፍን ውኃው የሸሸለት ሜዳ በጧት ጉም ይታየኝ ነበር፤ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ጉም ውስጥ ገብቶ እንደ ተንሳፈፈ። ጥሩንባው ሲመልስልኝ ከጉሙ ማዶ የማላውቀው አገር ሰው የሚጠራኝ ይመስለኝ ነበር። ደግ ድምፅ ነው፣ አልዋሽም። ብቻ ትንፋሽ አያጥረውም።

ሸክላዋ በፊቷ ሁለት፣ በጀርባዋ ሁለት ዘፈን ይዛ ወጣች። መካከሏ ላይ ያለውን ስሜን ፊደል በፊደል ቆጥሬ አነበብሁት። ሽፋኗ ላይ ኮትና ባርኔጣ አልብሰው ያነሡኝ ፎቶግራፍ አለ። በጋቢ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ እቅፍ አድርጌ ወረታ ይዣት ገባሁ። እናቴ ሽፋኑን አገላብጣ አየችና፣

«ኮቱ የማን ነው?» አለች።

«የኩባንያው።»

«ደግ አደረግህ መመለስህ። ትከሻው አይበቃህም።»

የደረስሁት ጤፉ ወርቅ በመሰለበት በኅዳር ነው። መንገድ ለመንገድ አንዲት ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ የአባቴ ደቦ ሳያልፈኝ ማጭዴን ይዤ ከመስመሩ ራስ ልገባ። አላለፈኝም። አባቴ ግን ሌላ መክሮ ቆይቷል።

በደቦው ጧት ማጭዴን ከማገሩ ሳወርድ እጄን ያዘኝ። «ተው። የሸክላ ሰው ማጭድ አይዝም።»

«አባዬ፣ ታዲያ ማን ሊያወርድ ነው?»

«አንተው ነህ እንጂ» አለና በጣቱ አሳየኝ። ወረታ ጠጅ ቤት ካላት ሴትዮ ማጫወቻውን ተውሶ፣ በአህያ ጭኖ አምጥቶታል። በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ናት። ሴትዮዋ ስታውሰው፣ «አያ፣ መርፌዋን ካጣመሙብኝ ልጅዎን ደጄ አስቀምጬ በነጻ ነው የማዘፍነው» ብላዋለች አሉ። አባቴ ክብር ማድረጉ ነበር። ልጁ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ድምፁ ደቦውን ሲመራ አገር እንዲያይለት። ሽማግሌዎቹም ሁሉ ልክ ነው አሉ። እንዲህ ያለ ደቦ ማን አይቶ ያውቃል?

እንግዲህ ዳስ ውስጥ ከንስሐ አባታችን አጠገብ አስቀመጡኝ። የመጀመሪያውን ጠላ ለሳቸው ቀድተው ሁለተኛውን ለኔ ሰጡኝ። ከመስመሩ ራስ፣ እኔ በነበርሁበት፣ ጎረቤታችን ቆመ። ድምፁ ጎርናና ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ እሱ ነበር ሲያወርድ የከረመው። አባቴ እጁን ታጥቦ መርፌዋን ሸክላዬ ላይ እንደ እንቁላል አስቀመጣት።

«የፎገራ ሜዳ ወርቅ የመሰለ ባሕር፣
ማጭዴን ቀዝፌ ወዲያ ልሻገር።»

የኔ ድምፅ ነው። እኔ ግን አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። በሕይወት ሳለሁ ሬሳዬ ያለፈ መሰለኝ፤ የሚያስፈራ ግን አልነበረም፣ በእንቅልፍ ልብ እንደሚታይ ነገር ነው። ድምፄ ከሣጥኗ ወጥቶ በጤፉ ላይ ይሄዳል፣ ንፋስ ያዘነብለዋል፣ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

አጫጆቹ እንደ ልማዳቸው፣ «ሆ በል ተሻገር» ብለው ተቀበሉ። ጥሩንባውም አብሮ ተቀበለ። እነሱ ሳይጨርሱ ሸክላዋ ሁለተኛውን ስንኝ አወረደች። ቶሎ ብለው ተቀበሉ። ሦስተኛውን አወረደች። ጎረምሶቹ ሊደርሱባት ሮጡ፣ ሽማግሌዎቹ ከጭራ ቀሩ፣ መስመሩ የሰከረ ሰው ያረሰው ትልም መሰለ። ያ ጎርናናው ላቡን እየጠረገ ወደ ዳሱ ዞረ።

«አንተ፣ ዛሬ ምን አስቸኮለህ?»

«እኔ አይደለሁም» አልሁት።

«ታዲያ ማን ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሸክላዋ ለቆመ ሰው የተዘፈነች ናት። ጆሮ የላትም። ማን ወደኋላ እንደ ቀረ አትሰማም። እኔ ብሆን እሰማ ነበር፤ ተቀምጬም እየሰማሁ ነበር።

«አባ፣ ልነሣ» አልሁ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ የንስሐ አባቴ። «አባትህን በሰው ፊት አታሳፍረው።»

ተቀመጥሁ። አባቴ ሸክላዋን ይገለብጣል፣ መልሶ ይገለብጣል። ፀሐይ ወደ ላይ ስትወጣ ሸክላዋ ከዳር ትንሽ ጎበጠች፤ ድምፄም እንደ ታንኳ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ከዚያ የባትሪው ድንጋይ ደከመ። ድምፄ ቀስ እያለ፣ እየወፈረ ሄደ። መጀመሪያ የትልቅ ሰው፣ ኋላ የአባቴ፣ ኋላም የማላውቃቸው የአያቴ ድምፅ የሚሆን መሰለኝ። ይህንን በምጽፍበት በዛሬው ዕድሜዬ እኔ ራሴ የማወጣውን ድምፅ ያን ቀን ሰማሁት። የሚገርመው ሥራው ተቃና። ሸክላዋ በዘገየች ቁጥር ሽማግሌዎቹ ደረሱ፣ መስመሩ ቀና አለ፣ ማጭዱ ሁሉ አንድ ላይ ብልጭ ይል ጀመር። አባቴ ፊቱ በራ። ሜዳው በሙሉ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስል ነበር።

ከዚያ «ማጭዴን» ብላ ቆመች።

አጫጆቹ አጎንብሰው፣ የሚቀበሉትን እየጠበቁ ቀሩ። አባቴ ሣጥኗን መታ መታ አደረጋት። ጎርናናው ወደ ዳሱ አየ። አሁን ይጠራኛል፣ ቦታዬን ይለቅልኛል አልሁ። አልጠራኝም። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ማጭዴን ቀዝፌ ወዲያ ልሻገር» ብሎ የኔኑ ስንኝ በዚያ በሻካራ ድምፁ አወረደው። አውርዶም ጠበቀ። የመጨረሻው ሽማግሌ ተቀብሎ እስኪጨርስ ድረስ ጠበቀ።

ሲጠብቅ ሰማሁት። ቦታው የሱ እንደ ሆነ ያኔ ገባኝ፤ መራራ ነው፣ አልዋሽም።

ተነሣሁ። ንስሐ አባቴ ጋቢዬን ያዝ አደረጉኝ፣ ቀስ ብዬ አስለቀቅሁ። አባቴ፣ «ወዴት ነው?» አለኝ።

«ወደ ሥራ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ይበል፣ አባዬ። ከተቀመጥሁ እሞታለሁ።»

የራሱን ማጭድ ከወገቡ አውጥቶ ሰጠኝ። በመስመሩ ጭራ፣ ከሽማግሌዎቹ በኋላ ገባሁ። አጎነበስሁ። የጤፉ ሽታ ፊቴን ሞላው፤ ከፊቴ የሰው ጀርባ ብቻ፣ ከጀርባዎቹ ማዶ የሐይቁ ብርሃን። ጎርናናው ስንኜን አወረደ። እኔም ከሁሉ ጋር፣ አዳራሽ በሞላ ድምፄ፣ «ሆ በል ተሻገር» ብዬ ተቀበልሁ።

ጎርናናው ሳይዞር፣ «ከጭራ ያለኸው» አለ፣ «ዝቅ አድርገው። ሸክላ አይደለንም፣ እንሰማሃለን።»

መስመሩ በሙሉ ሳቀ። ዝቅ አደረግሁት።