በሯን የከፈተችው እናት

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሳይቀመጡ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖረዋ መምህርት እናቷ ወግዲ ላይ አርፈውባት ነበር።

"ቀብሩ ነገ ሦስት ሰዓት ነው" አሉኝ። "መርዶውን ሲነጋ እናረዳታለን። እስከዚያ እንዳይሸታት። ያንን ጨዋታችሁን ተጫወቱ።"

"ዛሬ ቢነግሯትስ አባባ? አስራ አንድ ሰዓት ላይ ማዳበሪያ የጫነ አይሱዙ ወደ ወግዲ ይወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለቀብሩ ትደርስ ነበር።"

"ብቻዋን፣ በጭነት መኪና፣ መርዶ ይዛ? ሥርዓት አለው እኮ ልጄ።"

እሺ አልኩ። ቀና ብዬ መከራከር ድሮም አልችልበትም።

ዩኒቨርሲቲ በኮሮና ሲዘጋ ወደ መካነ ሰላም የተመለስኩት አንድ ሻንጣ ልብስና ከዶርም ጓደኞቼ የተማርኩትን ጨዋታ ይዤ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ። ያሰቡት ይሳካ አይሳካ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ያላት ዳይስ ትወስነዋለች። ተራኪዋ እኔ ነበርኩ። ከሰው ጋር ማውራት የሚከብደኝ ሴት በሽፍታም በንጉሥም አፍ ስናገር አላፍርም ነበር።

ተጫዋቾቹ መምህርቷ፣ አንድ የጎረቤት ዲያቆንና ጭምብል እየሰፋች የምትሸጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የኮሮናው አዋጅ ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ስለከለከለ አምስተኛ አልጨመርኩም። በርና መስኮት ከፍቼ ራቅ ራቅ አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ዳይሷን በሳሙና አጥባታለሁ። ሐሳባቸው እንዳይከፈል ስልካቸው ጠፍቶ ሰፌድ ላይ ይቀመጣል። መምህርቷ መጀመሪያ ቀን፣ "ታሪኩ ውስጥ በሽታ አታስገቢብን፤ እሱን ውጭ እናገኘዋለን" ብላኝ ቃል ገብቼላታለሁ። አባቴ ግን "ካህን ቤት ውስጥ ዕጣ ይጣላል?" እያሉ ፊታቸውን ያዞሩብን ነበር። ጨዋታዬን የፈቀዱልኝ በዚያች ማክሰኞ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀመጥን። መምህርቷ ስልኳን አጥፍታ ሰፌዱ ላይ አኖረችው። የእሷ ሰው ከሩቅ አገር ወደ እናቷ የምትመለስ መንገደኛ ናት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእግር ስናስኬዳት ከርመናል። ትራንስፖርት ከተቋረጠ ጀምሮ መምህርቷ ራሷ ወግዲ መሄድ ስላልቻለች፣ ለምን እንደመረጠቻት ሁላችንም እናውቅ ነበር። የዲያቆኑ ሰው ደግሞ ውሸታም የጨው ነጋዴ ነው።

"በቅሎዬን አከራይሻለሁ፤ ግን ትናከሳለች" አላት።

"ባለፈው አትናከስም ብለህ አልነበር?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ያኔ ልሸጣት ነበር።"

"ዲያቆን ሆነህ እንዲህ መዋሸት አይከብድህም?"

"የሚዋሸው እሱ ነው። እኔ ምን አገባኝ።"

መምህርቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ የአይሱዙው ጡሩንባ ከዋናው መንገድ ተሰማ። አንድ ቃል ብናገር ሮጣ ትደርስበት ነበር። ደብተሬን ገለጥኩ።

መንገደኛዋ የመጨረሻው ወንዝ ላይ ደርሳለች። ሳይሞላ ለመሻገር አራትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋታል። የተራኪን ዳይስ የምጥለው ሌሎቹ እንዳያዩት ከደብተሬ ጀርባ ነው። ጣልኩ፤ አንድ ወጣ።

"ስድስት" አልኩ። በዳይስ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

"ተሻገርኩ?"

"ተሻገርሽ። ቤት ደረስሽ።"

"በሩን አንኳኳሁ። እናቴ ምን ትላለች?"

ተጫዋች በሌለው ሰው ሁሉ አፍ መናገር የተራኪ ሥራ ነው። ሦስቱም ያዩኛል።

"በሩን ከፈተችልሽ" አልኩ። ከዚያ በእናትየው ድምፅ፣ "ቆየሽብኝ የኔ ልጅ። ግቢ።"

መምህርቷ ዓይኗን ጨፈነች። "ልክ እንደ እሷ ነው ያልሽው" አለችኝ።

ስጦታ የሰጠኋት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል አባቴ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ሄደው በሯን አንኳኩ። ጩኸቷን ጓዳ ሆኜ ሰማሁት። ቆይታ አስጠራችኝ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ድምፅዋ ሻክሯል።

"ትናንት ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"መኪናው ሲያልፍም?"

"አዎ።"

"እና እናቴን በር አስከፈትሻት።"

አባቴ ናቸው ያዘዙኝ ልላት አፌ ላይ ደረሰ። እሳቸው ያዘዙኝ ግን እንድንጫወት ብቻ ነው፤ ድምፁ የእኔ ነበር።

መኪና ፍለጋ ብላ በልብስ ሰፊዋ ተደግፋ ወጣች። ለቅሶ ደራሽ አራት አራት እየሆነ መምጣት ሲጀምር ጀሪካንና ሳሙና ይዤ የግቢው በር ላይ ቆምኩ። የመጣውን ሁሉ አስታጠብኩ፤ ለዚያ መናገር አያስፈልግም። ሦስት ሰዓት ሲሆን መኪና ሳታገኝ ተመለሰች። እጇን ዘረጋች። ውሃ አፈሰስኩላት። ቀና ብላ አላየችኝም። ታጥባ ስትገባ፣ ጀሪካኑን ልሞላ ወደ ቧንቧው ሄድኩ።