አንድ እግሯ የለም

ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ፣ የተቃጠለ ሞተር ከፍቶ ሽቦውን እንደገና የሚጠቀልል ሰው አለ። በበሩ ሳልፍ ሽታው ይመታኛል። የተቃጠለ ቀለምና የጋለ መዳብ ሽታ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት ማለፍ አቃተኝና ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ሰውየው «ምነው፣ አመመህ?» አለኝ። «አይ» ብዬ ሄድኩ። ወንድሜ ከሞተ ሁለት ወር አልሞላውም።

ታላቄ ነው። ጋሼ ነበር የምለው። መሐል ሜዳ ከተማ ዳር አንዲት ሴትዮ ከሟች ባላቸው የወረሱት የእንጨት መሰንጠቂያ ነበራቸው። የሚያሠራው ጋሼ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባም። እኔ እንድማር ብሎ ነው እሱ የቀረው።

ማሽኗን በጆሮው ነበር የሚያውቃት። የአጭር በትር አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። «የምትዞርበት ኩሽኔታ ደርቋል፤ ትቆረጥማለች» ይላል። ተፈትቶ ሲታይ እንዳለው ነው። ሰጋቱራውን ዘግኖ በጣቶቹ ያሸዋል፤ እንደ ዱቄት ከላመ መጋዙ ደንዟል ማለት ነው። ሞተሩ የሚሠራባቸው ሦስቱ የመብራት መስመሮች ለእሱ «እግሮቿ» ነበሩ። ጓደኞቼ ፊት እንዲህ ሲናገር አፍርበት ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ መጣ። ሴትዮዋ ገበያ ሄደዋል። ከጓሳ በኩል የመጡ ሁለት ገበሬዎች ግንዳቸውን አራግፈው ይጠብቃሉ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም፤ ግቢው እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ጋሼ ማብሪያውን ጫነው። ሞተሩ እምምም አለ እንጂ አልዞረም። ወዲያው አጠፋው።

«አንድ እግሯ የለም» አለ። «በሁለቱ ታቃስታለች። ማንም እንዳይነካት። መስመር የሚሠሩትን ልጥራ።»

ከገበሬዎቹ አንዱ፣ «ኧረ በሞቴ! ዛሬ ካልሰነጠቅን መቼ ልንመለስ ነው? እስቲ ተማሪው ምን ይላል?» አለ።

ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

«እግር ያለው በግ ነው» አልኩ። «ይሄ ኩሽኔታው በብርድ ተያይዞ ነው። ገፋ ቢደረግ ይነሳል።»

ሳቁ። «ይበል! በግ ነው አለው!» ጋሼም ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ተው፣ የኔ ወንድም» ብቻ ብሎኝ በርኖሱን ደርቦ ወጣ።

ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ሲርቅ ገበሬዎቹን ሞተሩን ከመጋዙ የሚያገናኘውን ቺንጋ አስያዝኳቸው። «ሳቡ!» ብዬ ማብሪያውን ጫንኩ። ተነሳ። መጋዙ ግንዱን ሲበላ፣ «ተባረክ! ትምህርት ማለት ይሄ ነው!» አሉኝ። አመንኳቸው። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ራሱ የሚያጠፋው ማቋረጫ አለ፤ እሱ ሁለቴ ዘለለ፣ ሁለቴ መለስኩት። ሦስተኛ ስመልሰው ጭሱ ወጣ። ያ ሽታ። ገበሬዎቹ ወደ ደጅ ሸሹ።

ጋሼና ሴትዮዋ በር ላይ ተገናኝተው አብረው ገቡ።

«ማነው ያስነሳት?» አሉ ሴትዮዋ።

ጋሼ የሞተሩን ጀርባ ዳሰሰ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አንተ? ይሄን ሁሉ ዓመት ስታሠራት ኖረህ?»

«ቸኩዬ ነው።»

«ፊደል ላልቆጠረ ሰው ማሽን የሰጠሁ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ! በል ቁልፉን አስቀምጥ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ የተማርክ ልጅ፣ ብትመክረው ምን ነበረበት?»

ሰጋቱራውን በጫማዬ ጫፍ ገፋ ገፋ አደረግኩ። ገበሬዎቹም ከደጅ አልሰሙም፤ ወይም ሰምተው ዝም አሉ። አላውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ ሄድን። ድልድዩ ጋ ቆሞ ጠበቀኝ።

«እጅህን አላቃጠለህም?» አለኝ።

ይኸው ነው። ስለዚያ ቀን ያኔም በኋላም ሌላ አልተናገረኝም።

ከዚያ ወዲያ ማሽን የሰጠው የለም። ከአንድ ሰው ጋር የእጅ መጋዝ እየጎተተ፣ በዚያ ቁር በየሰዉ ግቢ ግንድ ሲሰነጥቅ ኖረ። እኔን ኮሌጅ ያስተማረኝ በዚያ ጉልበቱ ነው። አንድ ቀን የኤሌክትሪክ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር አሰመረና አንዱን በጣቱ አጠፋው። «አሁን ሞተሩ ያቃስታል» አለ። ይህንኑ ቃል። «በእጅ ብትገፉት ይነሳል። ግን ይቃጠላል።» ሁሉም ይጽፋል። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ፣ ልክ እሱ እንደነበረ እነግረዋለሁ አልኩ። ገባሁ። በግ አርዶ ጠበቀኝ፤ ስለ ትምህርቴ እየጠየቀ ጎረቤቱን ሁሉ «ስሙት፣ ስሙት» ይላል። አልነገርኩትም። በሚቀጥለውም ዓመት አልነገርኩትም። ሳንባው ታሞ ሲተኛ፣ «ጋሼ፣ ያኔ...» ብዬ ጀምሬ ነበር። ሳል ያዘው። ውሃ ሰጠሁት። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው።

ለቅሶው ላይ ሴትዮዋ መጡ። አርጅተዋል። አልቅሰው ሲያበቁ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ።

«እንደ እሱ ያለ ደግ አላየሁም» አሉ፣ ሰዉ እየሰማ። «ማሽን ነው እንጂ ያልሆነለት። እሱን አልታደለም።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ፤ የተማርኩትን እኔን።

«አዎ፣ እትዬ» አልኩ።