ድንጋይ የተቀመጠባቸው ማሽኖች

የዘመሮ ከተማ ልጅ ትርሲት ሃያ አራት ኮምፒውተሮችን አስተሳስሮ «ሱፐር ኮምፒውተራችን» በሚል ኮሌጅ ተቀጥራለች። ሥራዋ ማሽኖቹን ለሚጠይቁ መምህራን ማደል ነው። ድልድሉ በማዕረግ ነበር፤ ለዶክተር ሃያ አራቱም፣ ለማስተርስ ስምንት፣ ለዲግሪ ሁለት። ዲፕሎማ ላላት ለትርሲት የማሽኖቹ ማራገቢያ ነፋስ ይደርሳታል።

የአባቷ የአቶ ተገኘ ገብስ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ውርጭ ከመጣ ቶሎ ማጨድ ነው፤ ካልመጣ ሳምንት ቢቆይ ፍሬው ይሞላል። ስምንት ማሽን ለአራት ሰዓት ብታገኝ ትርሲት የአየር ትንበያውን አስልታ ቁርጡን ታውቀው ነበር። የኮሌጁ መምህር ዶክተር ይሥሐቅ ግን ሁሉንም ከቅዳሜ ጀምረው ይዘዋል፤ ከማሽኖቹ የሚሠሩት ሦስት ብቻ ናቸው።

ሰኞ አቶ ተገኘ በሶ ይዘውላት መጡ።

«እነዚህ ምን እየሠሩ ነው?»

«ምንም። ተይዘው ነው።»

«ያዡስ የት አሉ?»

«ስብሰባ።»

አቶ ተገኘ የጓሳ፣ የአገሬው የጋራ የሣር መስክ፣ ጠባቂ ነበሩ። ጓሳ ለሣር አጨዳ ሲከፈት ቀድሞ ድንጋይ አስቀምጦ ቦታ የሚይዝ አይጠፋም። እስከ ረፋድ ማጭዱን ይዞ ካልመጣ ግን ድንጋዩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ቦታውን ለተከታዩ ይሰጡ ነበር።

«ድንጋይ አስቀምጠው ሄደዋላ» አሉ።

«አባዬ፣ ዶክተር እኮ ናቸው።»

«እኛም ዘንድ ግራዝማች ነበሩ።»

አባቷ እንደወጡ ትርሲት ማሽኖቹ ላይ አዲስ ደንብ ጫነች፤ ተይዞ ግማሽ ሰዓት ሥራ የፈታ ማሽን፣ ባለቤቱ እስኪመለስ ለሌላ ሥራ ይሰጥ። ከዚያ የውርጩን ስሌት አስገባች፤ ማታውን ውጤቱ ወጣ። «ረቡዕ ማለዳ ውርጭ አለ፤ ነገ እጨዱ» የሚል መልእክት ለአባቷም፣ ስልካቸው በኮሌጁ ለተመዘገበ ገበሬዎችም ላከች።

ረቡዕ ዶክተሩ አስጠሯት። «ማሽኔን ማን ፈቅዶልሽ ነካሽ?»

«ሥራ የፈቱትን ብቻ ነው፣ ዶክተር።»

«ባይሠሩም የእኔ ናቸው።»

ስልካቸው ጠራ። ግሼ በእርሻ የሚኖሩት እናታቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። «አንተዬ፣ መስኩ ነጭ ሆኖ አደረ። ያላመነውን ጎረቤት ሁሉ ገብሱን ውርጭ መታው። የኛ ትናንት ተከመረ። ያን መልእክት የላከ ኮሌጅህ ይባረክ።»

ዶክተሩ ስልኩን ዘጉ። «ደንቡን በጽሑፍ አምጪልኝ» አሉ።

በሳምንቱ በሩ ላይ «የዶክተር ይሥሐቅ የማሽን ድልድል ዘዴ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ከግርጌው «በታይፕ የጻፈችው፦ ትርሲት ተገኘ» ይላል። ትርሲት ለአባቷ ደውላ አነበበችላቸው፤ እሳቸው ከክምራቸው አጠገብ ሆነው ሳቁ።

በማግስቱ ዶክተሩ ሃያ አራቱንም ይዘው ስብሰባ ገቡ። በግማሽ ሰዓቱ የገዛ ዘዴያቸው ማሽኖቹን ቀማቸው።