«ቀልዱን ማን ጻፈልሽ?»

ከዳባት ገበያ ይዘውኝ ደባርቅ አንድ ግቢ ሲያስገቡኝ እጄ ገና ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር። ያሰሩኝ በቀልዴ ነው። ሠርግ ቤት የባሌን ኮት ደርቤ ስብሰባ የሚወድ ሊቀመንበር እሆናለሁ። የጎረቤቴ ልጅ በስልኳ ቀርጻ ለቀቀችውና አገሩ ሁሉ ተቀባበለው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ስድስት ሴቶች፣ እርጥብ ሲሚንቶ፣ በበሩ ሥር የሚገባ የተራራ ብርድ። እኔ ፈሪ ነኝ፤ የቤቴን መቀርቀሪያ ሦስት ጊዜ ሳልነካ አልተኛም። ጥግ ይዤ ልጆቼን ሳስብ አንዲት የጃናሞራ እናት ትኩር ብለው አዩኝ።

«እስቲ ተናገሪ ልጄ።»

«ምን ልበል እማማ?»

«ሊቀመንበሩ ነው! ኧረ ሊቀመንበሩን አስረውታል!» አሉ ድምፄን ለይተው።

ስድስቱም ተንጫጩ፤ አንዷ ተነሥታ አቀፈችኝ። እዚያ ቦታ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም፤ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት ተጠራሁ። «ቀልዱን ማን ጻፈልሽ?» እያለ የሚጠይቀኝ መርማሪ ወጣት ነው። ወረቀት ገፋልኝ፤ የአንድ መምህር ስም ተጽፎበታል።

«ቀልዱን የጻፈልሽ እሱ ነው። ፈርሚና ዛሬውኑ ልጆችሽ ጋ ግቢ።»

«ማንም አልጻፈልኝም ጌታዬ።»

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«አራተኛ።»

ሳቀ። መምህሩን አውቃቸዋለሁ፤ ልጄን ያስተምሯታል፤ የእሳቸውም ሦስት ልጆች ገና ትንንሽ ናቸው። ብዕሩን ያዝኩት። የእኔስ ልጆች ምን በልተው ይሆን?

በዚህ መሀል የመርማሪው አለቃ ገባ። መርማሪውን አስወጣና በሩን ዘጋ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«እውነቱን ንገሪኝ። በቀልዱ እኔን ነው የምትመስይው?»

«አይደለም ጌታዬ። ራሴን ነው። ቤቴ ብርጭቆ ሲሰበር ልጆቼን አሰልፌ ስብሰባ የምጠራ እኔ ነኝ።»

ቅር ያለው መሰለኝ። በሩን ከፍቶ ወጣ። ያኔ ገባኝ፤ ይህ ትልቅ ሰው በእኔ ቀልድ እንቅልፍ አጥቷል!

መርማሪው ሲመለስ፣ «ኮትዎን ያውሱኝ» አልኩት። ሳያስበው አወለቀ። ለበስኩት፤ እጅጌው ጣቶቼን ዋጠ፤ ፍርሃቴም ከላዬ ወረደ። ጠረጴዛውን መታሁ።

«የዛሬ አጀንዳችን አንድ ነው! የሳቀ ሁሉ ማን እንዳሳቀው ያስመዝግብ! ያልሳቀም ለምን እንዳልሳቀ በጽሑፍ ያቅርብ! ጽሑፉን የሚያነብ ኮሚቴ እስኪቋቋም መሳቅም አለመሳቅም ክልክል ነው!»

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ በሳቅ ፈነዳ፤ ቶሎ ብሎ ሳል አስመሰለው። መርማሪው ከንፈሩን ነከሰ።

«ይህን አሁን ማን ጻፈልኝ?» አልኩት።

ኮቱን አወለቅኩ፣ አጠፍኩ፣ ባልፈረምኩበት ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። አራት ቀን ጨመሩልኝና ለቀቁኝ።

ዛሬም ሠርግ ሲጠሩኝ ከመውጣቴ በፊት የቤቴን መቀርቀሪያ ሦስት ጊዜ እነካለሁ። ሰው አወቀኝ ብዬ ደፋር አልሆንኩም፤ እንዲያውም በታወቅኩ ቁጥር ልጆቼን ቶሎ ቶሎ እቆጥራለሁ። አንዳንድ ቀን መምህሩን ልጆቻቸውን አስከትለው ሲሄዱ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ። ስማቸው የት ተጽፎ እንደነበር አያውቁም። «እንደምን አደርሽ» ይሉኛል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ።