ጋሽ ኩኩሉ ያላሳቋት ሕፃን

ፎቶ ቤቱን ከአባቴ ስረከብ ጋሽ ኩኩሉንም አብሬ ተረከብኩ። ካሜራውን ቀይሬዋለሁ፣ መብራቱን ቀይሬዋለሁ፤ እሳቸውን የሚተካ ዕቃ ግን እስካሁን አልተሠራም። ሥራቸው ሕፃናትን ማሳቅ ነው። ከኋላዬ ቆመው እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻሉ፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። በጩኸት እምቢ ያለውን በማስነጠስ ይይዙታል፤ በማስነጠስም እምቢ ካለ ባርኔጣቸውን አፍንጫቸው ላይ ያቆማሉ። ለገዛ እናቱ ፊት የማይሰጥ ኩሩ ሕፃን እሳቸውን ሲያይ ድዱን ብልጭ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ «ቁልፉንማ ማንም ይጫነዋል» ይሉኛል። ደሞዝ እየከፈለ የሚሰደብ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሥራ ሲያልቅ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ባርኔጣውን ሚስማር ላይ ሰቅለው ሲወጡ ፊታቸው ጭፍግግ ይላል፤ ሰላም ያላቸው ሰው ሁሉ የሰደባቸው ነው የሚመስላቸው። ባለቤታቸው «ሳቁን እናንተ ጋ ጨርሶ፣ ለእኔ ግንባሩን ይዞልኝ ይመጣል» እያሉ ስንት ጊዜ አምርረውብኛል። እውነታቸውን ነው። ቤታቸው ሄጄ አይቻለሁ፤ ለንቦጫቸውን ጥለው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ይመሻል።

አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ያለ ዕቅድ ውሃ እንኳ የምትጠጣ አትመስለኝም። ሴት ልጅ በወለደች ሰሞን ፎቶ ቤት መጣችና የሕፃኗን የመጀመሪያ ዓመት ከእኔ ጋር አቀደችው። አራስ ሳለች ተኝታ፣ አንገቷ ሲጠና በሆዷ ተኝታ፣ መቀመጥ ስትችል ተቀምጣ፣ ወንበር ይዛ መቆም ስትጀምር ቆማ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ልደቷ። የቀሚሶቹ ቀለም ሳይቀር ተመርጧል።

«ሳቋን እንዴት እናደርጋለን?» አልኳት።

«ምን ነካሽ? አባዬ እያለ!»

ጋሽ ኩኩሉ ይህን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አጠቡ። እኔ ሳውቃት ያቺ ባርኔጣ ውሃ አይታ አታውቅም።

የአራስነቱ ፎቶ ቀላል ነበር፤ ተኝታለች፣ አነሳኋት፣ አበቃ። አንገቷ ሲጠና ግን ጋሽ ኩኩሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጮኹ። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ለንቦጯን ጣለች፣ ከዚያ ፎቶ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ።

«ርቧት ነው» አሉ። ጡት ከጠባች ገና አፏ እንኳ አልደረቀም።

መቀመጥ ስትጀምር እንደገና ሞከርን። ሲያስነጥሱ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ አለቀሰች። «ጥርስ እያወጣች ነው» አሉ። ወንበር ይዛ በቆመችበት ቀን ደግሞ ባርኔጣው ገና አፍንጫቸው ላይ ሳይደርስ ወንበሩን ለቃ ቁጭ አለችና ለቅሶዋን አቀለጠችው። በዚህኛው ጊዜ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ።

«መብራትሽ ነው! ዓይኗን ወጋት።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ በዚሁ መብራት ጠዋት መንትዮች አልሳቁም?»

ባርኔጣቸውን እያሻሹ ወጡ።

ልጃቸው ለፎቶዎቹ ብላ አምስት መስኮት ያለው ትልቅ ፍሬም ሳሎን ሰቅላለች። ፍሬሙ ከሱቅ ሲመጣ በየመስኮቱ የማናውቃቸው የሰው አገር ሕፃናት ይስቁበት ነበር፤ የራሷ ልጅ እስክትስቅ ድረስ አልነቀለቻቸውም። አንድ እሑድ እኔም እዚያው ሳለሁ፣ ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት ከመሀላቸው አንዱን ወፍራም ልጅ እያየች፣ «ውይ ስታምር! ሳቋ ቁርጥ አያቷን!» አለች። ጋሽ ኩኩሉ ተነሥተው ግቢ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው።

«የሰው ልጅ ሁሉ ይስቅልኛል» አሉኝ አጥሩን እያዩ። «የገዛ ልጄ ልጅ ታልቅስብኝ? ምን በድያት ነው?»

አንጀቴን በሉት። የሚሰድቡኝ ሰውዬ በስንት ጣዕማቸው።

ልደቷ ሲቃረብ ልጃቸው ቁርጡን ነገረቻቸው። «አባዬ፣ አትቀየመኝ። አሁንም ካለቀሰች ማዶ ያለው ፎቶ ቤት እወስዳታለሁ። አንድ ዓመት የሚሞላት አንዴ ነው።» ማዶ ያለው ፎቶ ቤት የሚያስቀው በስልክ ቪዲዮ ነው። ለጋሽ ኩኩሉ ከዚህ በላይ ሞት የለም።

በቀኑ እናትም ሴት አያትም ነጭ ቀሚስ ያለበሷትን ልጅ ይዘው መጡ። ጋሽ ኩኩሉ ቀስ ብለው ጮኹ፣ ከፍ አድርገው ጮኹ፣ አስነጠሱ፣ ባርኔጣውን አፍንጫቸው ላይ አቆሙ፤ በመጨረሻ አዳልጧቸው የወደቁ መስለው ወለሉ ላይ ተዘረሩ። መንገድ ላይ የነበሩ ልጆች በመስኮት እያዩ በሳቅ ሞቱ። የልጅ ልጃቸው ግን እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ጮኸች።

«አባዬ፣ በቃ ውጣ!»

ጋሽ ኩኩሉ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ጉልበታቸውን አራገፉ፣ ወጥተው ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገባቸው አኖሩት። ያን ጊዜ ፊታቸው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ግንባሩ ተቋጠረ፣ ለንቦጩ ወረደ።

እናትየው ደክሟት ልጅቷን ወለሉ ላይ አስቀመጠቻት። ሕፃኗ ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ በተከፈተው በር አየቻቸው። ከዚያ መዳህ ጀመረች። ነጩ ቀሚስ ያልተጠረገውን ወለሌን እየጠረገ ሄደ፤ እፍረቱ ለእኔ ተረፈ። ሱሪያቸውን ይዛ ቆመች፣ ጉልበታቸው ላይ ተንጠላጠለች፣ ያንን የወረደ ለንቦጭ በሁለት ጣቷ ጎተት አደረገችና ከሆዷ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ በፎቶ ቤቱ ሰምቼ አላውቅም።

«ምን ይገርማችኋል?» አሉ ባለቤታቸው። «ቤት የምታውቀው እኮ ይሄንን አኩራፊ ነው። ማታ ማታ ደረቱ ላይ ነው የምትተኛው። እንደ ዶሮ የሚጮኸውን ሰውዬ ከየት ታውቀዋለች?»

ጋሽ ኩኩሉ ሰሙ። ፊታቸው በደስታ ሊፈታ ሲል የልጅቷ ለንቦጭ መውረድ ጀመረ።

«ጋሼ፣ እንዳይስቁ!» ብዬ ጮኽኩ፣ ካሜራዬን እንደያዝኩ እየሮጥኩ። «ይኮሳተሩ! እባክዎ ይኮሳተሩ!»

«እኔ ይሄንን ፊት ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው አንድ ቀን አላሳቀኝም» ብለው አጉረመረሙ ባለቤታቸው፤ እንባቸውን ግን እየጠረጉ ነበር።

ፎቶው ላይ እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ተኮሳትረዋል፣ ጆሯቸው ቀልቷል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እሷ ትስቃለች። ካነሳኋቸው ሁሉ ይህንን ነው የምወደው።

በማግስቱ አንዲት ደንበኛ ወንድ ልጇን ይዛ መጣች። ጋሽ ኩኩሉ ልጁ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ጩኸት የለ፣ ማስነጠስ የለ፣ ያንን የቤት ፊታቸውን ገተሩበት። ልጁ አንድ አፍታ አያቸውና ዋይታውን ለቀቀው። እሳቸው ወደ እኔ ዞር አሉ፤ እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

«አየሽ?» አሉኝ። «ለሷ ብቻ ነው!»

የልጁ እናት ልትመታቸው ምንም አልቀራትም።