ከክዳኑ ሥር የበቀለው ነጭ መርፌ

ስለ ጅማ የሚጽፍ ሁሉ ደኑን ያነሳል። እኔ በጅማ የምኮራው በአንድ የብረት ክዳን ነው።

በደርግ ዘመን በከተማዋ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ጎረቤቴ፣ ቦሳ አዲስ የሚባለው ሰፈር ነዋሪ የሆኑ ሽማግሌ፣ ለሻይ ቤቶች ቡና ይቆሉ ነበር፤ ሰፊ ብረት ምጣድ ላይ፣ ክዳን ገጥመው። ጨው ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚታደልበት ጊዜ ነበር፤ ከጅማ አጠገብ ያለው የሰቃ ሰው ደግሞ ቡናውን በጨው ይጠጣል። ስለዚህ የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ቀን ክዳኑን ገልብጠው ከሥሩ ነጭ ነገር ሲያዩ ሌላ ነገር አልታሰባቸውም። ሽማግሌው ጨው ደብቀው፣ ሚዛን እንዲደፋ ቡናው ላይ ይነሰንሳሉ ተባለ። ቤቱ ታሸገ። ጉዳዩ ወደ አውራጃ ከተላለፈ ሥራቸው ብቻ ሳይሆን እሳቸውም እንደማይመለሱ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ነጩን ነገር ግን ማንም አልቀመሰውም። በዚያ ዘመን ከተከሳሽ ቤት የተገኘ ነገር ይመዘገባል እንጂ አይቀመስም።

ለቀበሌው ኮሚቴ ላስረዳ ሄድኩ። በጥሬ ቡና ውስጥ ካፌይን ከአንድ የቡና አሲድ ጋር ተጣምሮ ይኖራል፤ ሁለቱ በአንድ ክሪስታል ውስጥ ጎን ለጎን እንደ ጡብ ሊደረደሩ ይችላሉ። ሙቀት ሲበረታ ጥምረቱ ይፈርሳል፤ አሲዱ ይሰባበራል፣ ካፌይኑ ይተናል። ፍሬው ውስጥ የታፈነው እንፋሎት ግፊቱ ሲያይል ፍሬውን ያንጣጣዋል። ያመለጠው ካፌይን ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ እንደ ነጭ መርፌ ይበቅላል። ሊቀመንበሩ በትዕግሥት ሰምተው፣ ይህን ሁሉ በዓይናቸው ካላዩ እንደማያምኑ ነገሩኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ከባለሥልጣን አፍ እንዲህ ያለ ሳይንሳዊ ንግግር አልሰማሁም።

በማግስቱ ማኅተሙ ለሙከራ ተነሳ። ክዳኑን በፊታቸው አጠብኩት። ሙቀት ነው ዋናው ብዬ ከሰሉን ከመርኩት። ቡናው ተንጣጣ፣ ጨሰ፣ ከሰለ። ክዳኑን ሳነሳው ጣቴን ፈጀኝ፤ ከሥሩ ጥቁር ዘይት እንጂ ነጭ ነገር የለም። ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን አወጡ።

ሽማግሌው ወደ ምጣዱ ቀረቡ።

“ሱታ፣ መምህር፤ ቀስ በል” አሉኝ። “ክዳኑንም አብረህ ቆላኸው እኮ። በሚቃጠል ቤት የትኛው እንግዳ ያድራል?”

ቢስሚላሂ ብለው አዲስ ቡና ጨመሩ። ከሰሉን በተኑት። ክዳኑን አጥበው ገጠሙት፤ በላዩ እርጥብ ጆንያ አለበሱት። ከዚያ ጆሯቸውን አዘነበሉ። የመጀመሪያውን መንጣጣት አሳለፉት። ቀጭን፣ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ሁለተኛ ድምፅ ሲመጣ ምጣዱን አወረዱ፤ ጥቂት ቆይተው ክዳኑን ገለበጡት። ከሥሩ ከፀጉር የቀጠኑ ነጭ መርፌዎች በቅለዋል።

“ይቅመሱት፣ ጓድ። ጨው ከሆነ አውራጃ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ።”

ሊቀመንበሩ በጣታቸው ነክተው ቀመሱ። ፊታቸው ተጨማደደ፤ ዞር ብለው ተፉ።

“ይመራል” አሉ።

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ ይኸንኑ አንድ ቃል ጻፈ። የማሸጊያው ወረቀት ተቀደደ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ክሪስታል ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ እርጥብ ጆንያ የሚል ግን አላጋጠመኝም። በሳምንቱ ተማሪዎቼን ይዤ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ማስተማሩን ለእሳቸው ለቅቄ፣ ከኋላ ተቀምጬ ማስታወሻ ያዝኩ።